ጌም ቤት በሽርክና የምትከፍቱ፦ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ሦስት ጓደኛሞች ብር ያዋጣሉ፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 4 እና አንድ ጆተኒ ይገዛሉ፣ ሰፈራቸው ውስጥ አንድ ክፍል ይከራያሉ። ቤቱ ሲዘጋ "ደንበኛ ጠፋ" ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ባለቤቶቹ ተጫውተው እስኪጨርሱ እየጠበቀ ነበር።

ባለቤት በነፃ ሲጫወት

ከሁሉም በፊት ይሄ። ሂሳቡን እንሥራው። የአንድ ማሽን ሰዓት 60 ብር ነው እንበል። ሦስቱ ሸሪኮች በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጫወቱ 6 ሰዓት ነው፣ 360 ብር። በ30 ቀን 10,800 ብር። "የምንጫወተው እኮ ባዶ ሰዓት ላይ ነው" ትላላችሁ። አይደለም። ባለቤትን መጫወት የሚያምረው ቤቱ ሲሞቅ ነው፤ ቤቱ የሚሞቀው ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው፣ ከፋዩ ሲመጣ። ከዚያ የአንዱ ወንድም ይመጣል፣ የወንድምየው ጓደኛ ይከተላል፣ "ተወው፣ የቤት ልጅ ነው" ይባላል። ወሩ ሲያልቅ ማሽኑ ቀን ከሌት ሲሠራ ከርሞ ሳጥኑ ውስጥ ለኪራይ የሚበቃ ብር የለም። ሸሪኮቹ መጠራጠር የሚጀምሩት ያኔ ነው። ብር የነካ ሰው ግን የለም፤ የተበላው ሰዓት ነው።

ባለቤትም ይክፈል። ሙሉ ዋጋ፣ ከመጀመሩ በፊት፣ ሳጥኑ ውስጥ። "የኔን በኋላ ጻፈው" የሚባል ነገር አይኑር። ከሳጥኑ የወጣውን ትርፍ እኩል የምትካፈሉ ከሆነ፣ እኩል የተጫወታችሁት ምንም አልከሰራችሁም፤ ከሌሎቹ አብልጦ የተጫወተው ብቻ ነው የሚከፍለው፣ እሱም መክፈል ያለበት ሰው ነው። ይሄ ከከበዳችሁ ለእያንዳንዱ በሳምንት 3 ሰዓት መድቡ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ብቻ፣ በደብተር ተጽፎ። ጓደኛን "ክፈል" ማለት አፍ ላይ ይተናነቃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ታኮርፋላችሁ፣ በሦስተኛው ማንም አይገረምም። ይህን አንድ ቃል ሳይለምድ ወደ ሌላ ንግድ የተሻገረ ሰው እዚያም በዱቤ ያልቃል።

ቴሌብር

የቤቱ ገቢ በአንዱ ሸሪክ የግል ቁጥር አይግባ። የነጋዴ አካውንት እስክታወጡ ድረስ በግል ቁጥር የገባው ካለ ማታ ከሳጥኑ ጋር አብሮ ይቆጠር፣ ሁለት ሰው ይፈርምበት።

"ወንድሜ አይደል?" ብሎ በቃል መበዳደር

ቴሌቪዥን ይሰበራል፣ አንዱ ከኪሱ ያሠራል። ከስድስት ወር በኋላ እሱ "ያበደርኩት" ይላል፣ እናንተ "ያዋጣኸው" ትላላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነን ብድር በጽሑፍ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ማስረዳት አይቻልም ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 500 ብር ብር ነበረ፣ ዛሬ ደህና ጆይስቲክ አይገዛም። ስለዚህ ማንኛውም ከኪስ የወጣ ብር በዚያው ቀን ደብተሩ ላይ ይግባ፦ ቀን፣ መጠን፣ ብድር ነው ወይስ ተጨማሪ መዋጮ፣ የሦስቱም ፊርማ። አንድ መስመር ይበቃል።

ተሸናፊ ከፋይ

ሁሉም ቤት ያለ ልማድ ስለሆነ ጀማሪዎች ሳያስቡ ይወስዱታል። ውጤቱ ሰፈሩ ውስጥ ጎበዝ የተባለው ልጅ ቀኑን ሙሉ ሳይከፍል ይውላል፣ ገና የሚለምደው ደግሞ የሁለት ሰው እየከፈለ በሳምንቱ ይጠፋል። ቤቱን የሚያኖረው ግን ይሄኛው ነው። ግማሽ ግማሽ ይክፈሉ፤ አሸናፊም ከሦስት ጨዋታ በላይ ወንበሩን አይያዝ። ጆተኒ ላይ ሁለት ለሁለት አጫውቱ፣ ጎበዙ በረኛውንና ተከላካዩን ይያዝ፣ ጀማሪው ባለ 5 እና ባለ 3 ዘንጎቹን። ጀማሪ ጎል እያገባ ሲለምድ ይመለሳል፤ እየገባበት ከለመደ አይመለስም። በብር ለሚወራረዱት የምንለው አጭር ነው፦ ከቤቱ ይውጡ።

ውድድርን በጥሎ ማለፍ ማካሄድ

16 ልጅ ተመዝግቦ በጥሎ ማለፍ ካጫወታችሁ ጠቅላላው 15 ጨዋታ ነው፣ 8ቱ ልጆች አንድ ጊዜ ተጫውተው ይሄዳሉ። ቅዳሜያቸውን ሙሉ ሊያሳልፉ መጥተው በ15 ደቂቃ ተሰናበቱ ማለት ነው። በምድብ አድርጉት። 4 ምድብ፣ በየምድቡ 4 ልጅ፣ 6 ጨዋታ፤ 24 ይሆናል። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ያልፋሉ፣ ሩብ ፍጻሜ 4፣ ግማሽ ፍጻሜ 2፣ ፍጻሜ 1። ጠቅላላ 31 ጨዋታ፣ የመጨረሻው ደካማ እንኳ ሦስት ጊዜ ይጫወታል።

ሰዓቱን ግን አስቀድማችሁ አስሉ። አጋማሹን 6 ደቂቃ ብታደርጉት ቡድን መምረጡ፣ አሰላለፉ፣ ጎል ሲገባ ጭፈራው ተደምሮ አንድ ጨዋታ 15 ደቂቃ ይበላል። 31 ጨዋታ በአንድ ማሽን 7 ሰዓት ከ45 ነው፤ በሁለት ማሽን አራት ሰዓት ገደማ። የየምድቡን የመጨረሻ ሁለት ጨዋታዎች በሁለቱ ማሽኖች እኩል አስጀምሩ፣ አለበለዚያ ሁለቱን የሚያሳልፍ ውጤት ተስማምተው ሲያገቡ ታያላችሁ። መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ከመጀመሩ በፊት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ ከአጋማሽ በፊት ከጠፋ ከዜሮ ይጀመራል፣ ከአጋማሽ በኋላ ከጠፋ ውጤቱ ይያዝና የቀረው ደቂቃ ይጫወታል። ይሄ ሳይጻፍ የጠፋ መብራት ጠብ ነው። ሽልማቱ የጨዋታ ሰዓት ይሁን። የመግቢያውን ብር ሰብስቦ ለአንዱ ማሸከም ቁማር ነው፣ ወላጅም የሚያየው እንደዚያው ነው።

ሥራን በሰው ላይ ማጣበቅ

አንዱ ገንዘብ ያዥ፣ አንዱ ጠጋኝ፣ አንዱ ተቀባይ። ሲጀመር ይመቻል። ዓመት ሲሞላው ሂሳብ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ብየዳ የሚያውቅ አንድ ሰው ይቀራል፤ ገንዘብ ያዡ ሲታመም ቤቱ ያን ሳምንት ስንት እንዳገባ የሚያውቅ የለም። በየሁለት ሳምንቱ ተቀያየሩ። ዓይን አፋሩንም ተቀባይ አድርጉት፣ ግድ የለም።

ጆይስቲክ ሲያብድ ሌላ መግዛት

ጆይስቲኩን ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ወደ አንድ ጎን የሚሮጥ ከሆነ ዱላው ሥር ያለው መለኪያ ተበልቷል ወይም አቧራ ገብቶበታል። በአልኮል ማጽዳት ለተወሰነ ጊዜ ያስታግሳል። መፍትሔው ሞጁሉን መቀየር ነው፤ በ14 ነጥብ ተበይዷል፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ይሥራው። ገመዱን ጠረጴዛው ላይ እሰሩት፣ ሲጎተት ቻርጅ መሰኪያው ይላላል።

ጆተኒ ላይ ደግሞ የምግብ ዘይት አታፍስሱ። አቧራ ይይዝና ሙጫ ይሆናል። ዘንጉን ጠርጉ፣ ትንሽ ሲሊኮን ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ መደንገጥ

መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት መሰኪያውን ንቀሉ። ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያም በስታቢላይዘር በኩል ብቻ አብሩ። ማሽኑ አልነሳ ካለ ወደ ጠጋኝ ከመሮጣችሁ በፊት፦ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፣ ማብሪያውን ተጭናችሁ ያዙ፣ ሁለተኛዋ ጢጥ ስትል ልቀቁ፤ ከመጀመሪያዋ 7 ሰከንድ ያህል በኋላ ነው። ጆይስቲኩን በገመድ ሰኩ፣ ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን (Rebuild Database) ምረጡ። ጌሞቹ አይጠፉም። 6ኛውንና 7ኛውን አትንኩ፣ ሁሉንም ይጠርጋሉ።

እስከዚያ ልጆቹን አትበትኑ። አንድ ካርቶን ላይ ዳማ አስምሩ፣ ከጎረቤት ግሮሰሪ 24 ቆርኪ ለምኑ፤ የአንዱ ወደ ላይ፣ የሌላው ተገልብጦ ይደርደር። ገበጣ ካላችሁም አውጡ፣ ግን ሕጉ ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ በየትኛው እንደምትጫወቱ ጠጠሩ ከመበተኑ በፊት ተስማሙ። ለነዚህ አታስከፍሉ።