በትንሽ አውሮፕላን አውሮፓን ሲያቋርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደቡብ ጀርመን ተነሥቶ፣ የአልፕስን ተራሮች በብሬነር መተላለፊያ በኩል ተሻግሮ ቬኒስ ለማረፍ፣ ከዚያም የክሮኤሺያን ጠረፍ ለመጎብኘት የሚያስብ አብራሪ በካርታው ላይ የሚያየው መንገድ አጭር ነው። ሴስና 172ን የመሰለ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር፣ ጉዞው በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ይመስላል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የጉብኝቱን ቀን አስቀድሞ መቁረጥ ነው። የሆቴሉ ሒሳብ ከተከፈለ፣ ተሳፋሪዎቹም «ቅዳሜ ቬኒስ ነን» ብለው ለወዳጅ ዘመድ ካወሩ በኋላ፣ አብራሪው ትንበያውን የሚያነበው እውነቱን ለማወቅ ሳይሆን ለመነሣት የሚያበቃ ሰበብ ለማግኘት ይሆናል። ስለዚህ ሊሰረዝ የሚችል ክፍል መያዝ፣ ብሬነር ቢዘጋ ከተራሮቹ በስተ ሰሜን በዳኑብ ሸለቆ ወደ ፓሳውና ሊንዝ የሚወስድ ሁለተኛ ዕቅድ ማዘጋጀት ይገባል። አውሮፕላኑን ከብሬነር በስተ ሰሜን ባለችው የኦስትሪያ ከተማ ኢንስብሩክ አቁሞ በባቡር ወደ ጣሊያን፣ ቬሮና መውረድም ይቻላል፤ ይህን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ አብራሪዎች መኖራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሁለተኛው ስህተት በኢንስብሩክ ጥርት ያለ ሰማይ መታለል ነው። ከደቡብ የሚነፍሰው እርጥብ አየር በጣሊያን በኩል ተራራውን ሲወጣ ዝናቡን እዚያው ያራግፍና፣ ወደ ሰሜን ሲወርድ ደርቆና ሞቆ «ፎን» የሚባለው ነፋስ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ተራሮቹም በእጅ የሚነኩ ያህል ቅርብ ይመስላሉ፤ ይሁን እንጂ ከጫፎቹ በታች የሚሽከረከረው አየር ትንሽ አውሮፕላንን ወደ መሬት ሊደፍቀው ይችላል። ምልክቱ ነፋሱ እየነፈሰ ከቦታው የማይነቃነቅ፣ ጫፉ የለሰለሰ የምስር ቅርጽ ያለው ደመና ነው። በተራራው ጫፍ ላይ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ከደረሰ፣ ልምድ የሌለው ሰው ባይነሣ ይሻላል። ሲነሣም በሸለቆው መካከል ሳይሆን ቀኙን ጥግ ይዞ ይብረር፤ ወደ ኋላ ለመዞር በቂ ስፋት የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

«ይህን ደመና ካለፍን ወዲያ ማዶ ይገለጣል» ብሎ መግባት ሦስተኛው ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ መብረር ያልለመዱ 20 አብራሪዎችን ውጭ ማየት እንዳይችሉ አድርጎ ሲፈትን ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር ያቃታቸው ሲሆን፣ አማካይ ጊዜው 178 ሰከንድ፣ ማለትም ሦስት ደቂቃ እንኳ ያልሞላ ነበር። በዓይን እይታ ለሚበር ሰው የአውሮፓ ሕግ በአብዛኛው የ5 ኪሎ ሜትር እይታ ያዛል፤ በተራሮች መካከል ግን ይህ ዝቅተኛ ወሰን እንጂ በቂ መጠን አይደለም።

በካርቡራተሩ (አየርና ቤንዚን በሚቀላቀሉበት የሞተሩ ክፍል) ውስጥ የሚፈጠር በረዶ የክረምት ችግር ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። አየሩ እርጥብ ከሆነ በ20 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ሊፈጠር ስለሚችል፣ ከዝናብ በኋላ ሞተሩ ጉልበት ሲያጣ የካርቡራተሩን ማሞቂያ ለመክፈት መዘግየት አይገባም።

በጉብኝቱ ደስታ ውስጥ የሚረሳ አደጋም አለ። በባቫሪያ የሚገኘውን የኖይሽቫንሽታይን ቤተ መንግሥት የሚያይ ተሳፋሪ ፎቶ ለማንሣት «ትንሽ ቀረብ በል፣ አንድ ዙር ድገም» ማለቱ አይቀርም፤ ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ግን ተራራው ወዲያው ይነሣል። በ60 ዲግሪ ጋድሎ ከፍታውን ሳይለቅ የሚዞር አውሮፕላን ክንፉ የሚሸከመው ጭነት እጥፍ ይሆናል፤ ክንፉ ማንሣት የሚያቆምበት ፍጥነትም 41 በመቶ ይጨምራል። ፎቶው ካስፈለገ ርቀትን ጠብቆ፣ ፍጥነት ሳይቀንሱ፣ በሰፊ ዙር መሆን አለበት።

በመጨረሻም ማረፊያውን ሳይጠይቁ መነሣት አለ። በብዙ ትናንሽ ማረፊያዎች ሞተሩ የሚፈልገው የአውሮፕላን ቤንዚን ላይገኝ ይችላል፤ አንዳንዶቹም ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ለቬኒስ ከተማ የሚቀርበው፣ በሊዶ ደሴት ያለው ማኮብኮቢያ ሣር ስለሆነ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሊጨቀይ ይችላል። ስዊዘርላንድ የድንበር ፓስፖርት ቁጥጥርን ባስቀረው የሼንገን ክልል ውስጥ ብትሆንም ከአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ክልል ውጭ ስለሆነች የሚያርፉበት ቦታ ጉምሩክ እንዳለው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ከመነሻው በፊት በነበረው ምሽት በስልክ መጠየቅ ይቻላል።