«በጥናት ተረጋገጠ» ሲባል፦ ስለ አኩፓንክቸርና ስለ ቻይና ዕፀዋት የምንሳሳታቸው ነገሮች

አኩፓንክቸር ሰውነትን በቀጫጭን መርፌ የሚወጋ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው። አንዱ ወዳጅ በቴሌግራም «አኩፓንክቸር ለወገብ ሕመም ከተለመደው ሕክምና እንደሚበልጥ በጥናት ተረጋገጠ» ብሎ ይልካል። ሌላው «የአኩፓንክቸር ነጥቦች ትርጉም እንደሌላቸው በጥናት ተረጋገጠ» ብሎ ይመልሳል። የሚገርመው፣ ሁለቱም ርዕስ ከአንድ ጥናት ሊወጣ ይችላል።

«ከምን ጋር ተወዳድሮ?» ብሎ አለመጠየቅ

ጥናቱ የጀርመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው።) በወገብ ሕመም ለረጅም ጊዜ የተሠቃዩ 1,162 ሰዎች ለሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ የቻይናው ባህል በሚያዝዛቸው ነጥቦች ላይ መርፌ ተወጉ። ሁለተኛዎቹም ተወጉ፤ ግን ላይ ላዩን ብቻ፣ ያውም ነጥብ ባልሆነ ቦታ። ሦስተኛዎቹ የተለመደውን መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና የሰውነት እንቅስቃሴ አገኙ። ከስድስት ወር በኋላ ተሻላቸው የተባሉት ከመጀመሪያዎቹ 47.6 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 44.2፣ ከሦስተኛዎቹ 27.4 በመቶ ሆኑ።

አንደኛውን ቡድን ከሦስተኛው ጋር ያስተያየ ሰው «መርፌው ጉድ ነው» ይላል። ከሁለተኛው ጋር ያስተያየ ደግሞ «የትም ብትወጋው ያው ነው» ይላል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ጥያቄያቸው ነው የተለያየው። እንግዲህ ርዕሱን ትታችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ሁለተኛው ቡድን ምን እንደተደረገለት ይሁን። ሁለተኛ ቡድን ጭራሽ ከሌለ፣ ሻያችሁን ጠጡና እለፉት።

ፕላሴቦን «ምንም» አድርጎ መቁጠር

ፕላሴቦ ማለት ሕክምና መስሎ የሚሰጥ፣ ግን ፈዋሽ ነገር የሌለበት ማስመሰያ ነው። ለአኩፓንክቸርም ማስመሰያ መርፌ የሚባል ነገር አለ። እንደ ቴአትር ጩቤ ነው፤ ሲጫኑት ወደ እጀታው ይገባል እንጂ ቆዳ አይበሳም። በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ አንጀታቸው ለሚያስቸግራቸው 262 ሰዎች በዚህ ዓይነት መርፌ ተጠቅሟል። ሲሶዎቹ ወረፋ ብቻ ጠበቁ። ሲሶዎቹ ብዙ ወሬ ሳይኖር ማስመሰያው ተደረገላቸው። የቀሩት ደግሞ ማስመሰያው ብቻ ሳይሆን የሚያዳምጥ፣ የሚጠይቅ፣ የሚያጽናና ባለሙያ አገኙ። በሦስት ሳምንት ውስጥ በቂ እፎይታ አገኘን ያሉት በቅደም ተከተል 28፣ 44 እና 62 በመቶ ናቸው።

ወረፋ ጠብቀን፣ ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየን ማዘዣ ይዘን ለምንወጣ ሰዎች ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ግን አትሳሳቱ፦ የተለካው ሰዎቹ የተሰማቸው ስሜት ነው። ጥሩ ወሬ ሕመም ያስታግሳል፤ ሳንባ ነቀርሳ አያድንም።

ታሪኩን አጣሞ መስማት

ይቺኛዋ አጭር ናት። የኒው ዮርክ ታይምሱ ጋዜጠኛ ጄምስ ሬስተን በ1971 ቤጂንግ ላይ ትርፍ አንጀቱን ተቀደደ። ዛሬም ድረስ «ያለ ማደንዘዣ፣ በመርፌ ብቻ» እየተባለ ይወራል። እሱ ራሱ የጻፈው ግን በተለመደው የማደንዘዣ መርፌ እንደደነዘዘ ነው። አኩፓንክቸሩ የመጣው በኋላ፣ ሆዱን ነፍቶ ሲያስጨንቀው ነው።

ቅጠሉንና መድኃኒቱን አንድ ማድረግ

ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ከዕፅ ባገኘችው የወባ መድኃኒት በ2015 ኖቤል ስትሸለም ብዙ ሰው «የጥንት ሻይ አሸነፈ» አለ። እስቲ ሥራዋን እንይ። ቡድኗ ከ2,000 በላይ የባህል ቅመማዎችን አገላበጠ። ቺንግሃው የሚባለውን ተክል (የኛ የአሪቲ ዘመድ ነው) ሲሞክሩት አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ፍንጩ የተገኘው ከ1,600 ዓመት በፊት ገደማ ከጻፈው ከቻይናዊው የመድኃኒት አዋቂ ከጌ ሆንግ ነው፦ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ ጠጣ ይላል። ቀቅለው አይልም! ሙቀቱ ይሆናል የሚያበላሸው ብላ በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ፣ ኤተር በተባለ ፈሳሽ መድኃኒቱን ከተክሉ አወጣችው። በጥቅምት 1971፣ ቁጥር 191 የተባለው ናሙና በአይጦች ላይ የወባውን ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። ከዚያም እሷና ባልደረቦቿ በሕሙማን ላይ ከመሞከሩ በፊት ራሳቸው ቀመሱት።

ከ2004 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ከዚህ የመጣ ነው። «እንግዲያ ቅጠሉን አፍልቼ ልጠጣ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በሻይ ውስጥ የሚገኘው መጠን ትንሽና ተለዋዋጭ ስለሆነ የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። ደግሞ ከ2,000ው ቅመማ ኖቤል ያመጣው አንዱ ነው። ስለ ሌሎቹ ማን ያወራል?

«ሺህ ዓመት ተጠጥቶ ማንን ጎዳ?»

ለኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅ የወሰዱ ከ100 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ። የታዘዘው ሀን ፋንግ ጂ ነበር፤ የተሰጣቸው ጓንግ ፋንግ ጂ ሆነ። ስማቸው ይመሳሰላል፤ ተክሎቹ ግን ሌላና ሌላ ናቸው። ሁለተኛው ኩላሊት የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ አሪስቶሎኪክ አሲድ አለበት። በኋላ፣ ኩላሊታቸው ከደከመባቸው መካከል 39 ሰዎች ለጥንቃቄ ኩላሊታቸው ወጥቶ ሲመረመር 18ቱ ላይ የሽንት መተላለፊያ ካንሰር ተገኘ። ውጤቱ በ2000 ታተመ።

ኮሶ ሲበዛ ወዲያው ያንገላታል፤ ስለዚህ እናቶቻችን ልኩን ያውቁታል። ዛሬ ጠጥተኸው ከዓመታት በኋላ ካንሰር የሚሆነውን ግን በምን ያውቁታል? ማን ከቅጠሉ ጋር ያያይዘዋል? ሺህ ዓመት የሚያሳየን ቶሎ የሚጎዳውን ብቻ ነው።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማመን

አሜሪካ ውስጥ ፒሲ ስፔስ የሚባል የዕፀዋት ድብልቅ ለፕሮስቴት ካንሰር ይሸጥ ነበር። የሚያበረታታ ጥናትም ነበረው። በ2002 ከገበያ ወጣ፤ ምክንያቱም ሲመረመር ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ተገኘበት። በአንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ዲኢኤስ የተባለው ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ነበር። ዲኢኤስ ሐኪሞች ለፕሮስቴት ካንሰር ድሮ ያዝዙት የነበረ መድኃኒት ነው።