የዳታቤዝ ፊልዶች (እንደ ስልክ ቁጥርና ደመወዝ ያሉ የመረጃ ዓምዶች) ሲመሰጠሩ ሲስተሙ እንዳይንቀራፈፍ

ፊልድ መመስጠር ሲስተም ያዘገያል ሲባል ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ስሌቱን ነው። የዛሬ የሰርቨር ፕሮሰሰሮች ግን ኤኢኤስ ለተባለው የመመስጠሪያ ስልት የተሠራ የራሳቸው ትእዛዝ ስላላቸው አንድ ስልክ ቁጥር መመስጠር ከሚሊሰከንድ እጅግ ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። ፍጥነቱን የሚበሉት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ኢንዴክሱ (ዳታቤዙ ረድፎችን ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫ) ከጥቅም ውጭ መሆኑ፣ እንዲሁም ቁልፍ ለማምጣት የሚደረገው የኔትወርክ ምልልስ።

መጀመሪያ መነሻ ልኬት ይያዙ። በብዛት የሚከፈቱትን ገጾችና ሪፖርቶች መርጠው ከአማካዩ ጋር 95ኛውን ፐርሰንታይል (ከ100 ጥያቄ 95ቱ የሚያልቁበትን ጊዜ) ይመዝግቡ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ከሆነ የእያንዳንዱን ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ዕቅድ በኤክስፕሌይን አናላይዝ ትእዛዝ አውጥተው ያስቀምጡ። ሙከራው የእውነተኛውን ዳታ ያህል ረድፍ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ይሁን፤ 1,000 ረድፍ ላይ ኢንዴክስ ኖረ አልኖረ ልዩነቱ አይታይም።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ፊልድ በምን ዓይነት ፍለጋ እንደሚፈለግ ይለዩ። የሕክምና ማስታወሻን የመሰለ፣ ተከፍቶ ከመነበብ በቀር የማይፈለግ ፊልድ በኤኢኤስ ጂሲኤም (ዳታው እንዳልተነካካም በሚያረጋግጠው የኤኢኤስ አሠራር) በየጊዜው አዲስ የዘፈቀደ ኖንስ (አንዴ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር) እየተሰጠው ቢመሰጠር ብዙ አይጎዳም። ደመወዝና የልደት ቀን ግን ከባድ ናቸው። ከተመሰጠሩ ዳታቤዙ ሊደረድራቸውም ሆነ «ከዚህ በላይ» ብሎ ሊያጣራቸው አይችልም፤ አፕሊኬሽኑ ሁሉንም አምጥቶ፣ ፈትቶ፣ ራሱ መደርደር ይኖርበታል። እነሱን መመስጠር ግድ ከሆነ ፍለጋው መጀመሪያ ባልተመሰጠረ ዓምድ፣ ለምሳሌ በቅርንጫፍ ወይም በመዝገብ ዓመት፣ ይጥበብ። የሴልስፎርስ ሺልድ (የሴልስፎርስ የደንበኛ መረጃ ሲስተም የመመስጠሪያ አገልግሎት) ተጠቃሚም ከዚህ አያመልጥም፦ በዘፈቀደ ስልት የተመሰጠረ ፊልድ በማጣሪያ ውስጥ አይገባም፤ ለማጣራት ዲተርሚኒስቲክ የተባለው፣ ያንኑ ዋጋ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የሚመሰጥረው ስልት መመረጥ አለበት።

እንደ ስልክ ቁጥር በእኩልነት ብቻ ለሚፈለግ ፊልድ ከተመሰጠረው ጎን ሌላ ዓምድ ይክፈቱ። በውስጡ የቁጥሩ ኤችማክ-ሻ-256 ውጤት (በቁልፍ የሚሰላና ወደ ኋላ የማይፈታ ሃሽ፣ ማለትም የዋጋው አሻራ)፣ 32 ባይት፣ ይቀመጥ፤ ኢንዴክሱም እዚያ ላይ ይሠራ። የኤችማኩ ቁልፍ ከመመስጠሪያው ቁልፍ የተለየ ይሁን። ሃሽ ከመደረጉ በፊት ክፍተትና ሰረዝ ይወገድ፣ የአገር ኮዱም አንድ ወጥ ይሁን፤ አለዚያ ያው ቁጥር ሁለት ሃሽ ይኖረውና ፍለጋው ባዶ ይመለሳል። በግእዝ ፊደል የተጻፈ ስም ከሆነ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እንዳይለያዩ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ መምጣት አለባቸው። ጾታንና የጋብቻ ሁኔታን የመሰሉ ጥቂት ምርጫ ያላቸው ፊልዶች ላይ ግን ይህን አያድርጉ፤ የድግግሞሹ መጠን ብቻ ምስጢሩን ያወጣዋል።

መጠኑንም አስቀድመው ያስሉ። 10 አሃዝ ያለው ስልክ ቁጥር 10 ባይት ነው። 12 ባይት ኖንስና 16 ባይት ማረጋገጫ ሲጨመሩ 38 ይሆናል፤ ባይቶችን በፊደልና በቁጥር በሚጽፈው በቤዝ64 ሲጻፍ ደግሞ 52 ቁምፊ። የዓምዱ ወሰን 20 ከሆነ ማስገባቱ አይሳካም። ዳታቤዙ በባይት የሚያስቀምጥ ዓይነት ካለው ቤዝ64ን መተው ይሻላል።

አሁን ወደ ቁልፉ። በጣም የተለመደው ጥፋት ለእያንዳንዱ ፊልድ የክላውዱን ቁልፍ አስተዳዳሪ (ቁልፎችን የሚጠብቀውን አገልግሎት) መጥራት ነው። 200 ረድፍ የሚያሳይ ገጽ 3 የተመሰጠሩ ፊልዶች ካሉት 600 ጥሪ ያደርጋል፤ አንዱ 5 ሚሊሰከንድ ቢወስድና በየተራ ቢሄዱ ገጹ ሊከፈት 3 ሰከንድ ይፈጃል፤ የአገልግሎቱ የጥሪ ገደብም ሊያግደው ይችላል። መፍትሔው ዋናው ቁልፍ እዚያው አስተዳዳሪው ዘንድ ሆኖ ፊልዶቹ የሚመሰጠሩበትን የዳታ ቁልፍ ብቻ እንዲፈታ ማድረግ ነው። የተፈታው የዳታ ቁልፍ በአፕሊኬሽኑ ሜሞሪ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ 5 ደቂቃ፣ ይቆይ። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ፈቃድ ሲሰረዝ ስረዛው ሥራ ላይ የሚውለው ዘግይቶ ስለሚሆን ወሰኑን ከደኅንነት ባለሙያው ጋር ይወስኑ።

የቆየውን ዳታ በአንድ ትልቅ አፕዴት አይቀይሩ፤ ረድፎቹ ለረጅም ጊዜ ይቆለፋሉ። በፖስትግሬስ ደግሞ የእያንዳንዱ ረድፍ አሮጌ ቅጂ ቫክዩም የተባለው የጽዳት ሥራ እስኪያጸዳው ቦታ ይዞ ይቆያል። በመጀመሪያ አፕሊኬሽኑ አዲስ የሚገባውን በሁለቱም፣ በግልጹም በተመሰጠረውም ዓምድ እንዲጽፍ ያድርጉ፤ ከዚያ በዋና መለያው ቅደም ተከተል 1,000 1,000 ረድፍ እየመሰጠሩ ይሂዱ። በእያንዳንዱ ዋጋ መጀመሪያ ላይ የቁልፉን ስሪት የሚያሳይ አንድ ባይት ይጨምሩ፤ ቁልፍ ሲቀየር የትኛው ረድፍ እንደቀረ የሚታወቀው በእሱ ነው።

ሲያልቅ እነዚያኑ ኩዌሪዎች እንደገና ይለኩ። በኢንዴክስ ይሄድ የነበረው አሁን ሠንጠረዡን በሙሉ የሚያነብ ከሆነ አፕሊኬሽኑ አሁንም የሚፈልገው በተመሰጠረው ዓምድ እንጂ በሃሹ አይደለም ማለት ነው። ይህ ሳይስተካከል ግልጹን ዓምድ አይሰርዙ፤ ከሰረዙት በኋላም በድሮ ባክአፖች ውስጥ ስለሚኖር የእነሱን የማብቂያ ቀን ይመዝግቡ።