የአውሮፓ የጋራ የምርምር ተቋማትን ወጪ ማን እንደሚሸፍን እንዴት መመርመር ይቻላል

ስለ አንድ ትልቅ የአውሮፓ የሳይንስ ተቋም በዜና ሲነገር የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ነው፤ ምን እንዳገኘና ስንት ቢሊዮን ዩሮ እንደፈጀ። ገንዘቡን የትኞቹ መንግሥታት እንዳዋጡ፣ ያዋጣው አገር በምላሹ ምን እንደሚያገኝ፣ አንዱ መዋጮውን ቢያቋርጥ ደግሞ ጉድለቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ግን እምብዛም አይነሳም። ይህ ጽሑፍ ተማሪም ሆነ ጋዜጠኛ ወይም በፖሊሲ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ አንድ ተቋም መርጦ እነዚህን ጥያቄዎች ራሱ እንዲመልስ የሚረዱ እርምጃዎችን በቅደም ተከተል ያቀርባል። አብዛኛው ሰነድ በይፋ የሚገኝ በመሆኑ ልዩ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የትኛውን ሰነድ፣ ከሰነዱም የትኛውን አንቀጽ ማንበብ እንደሚገባ ማወቅ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ እርምጃ፦ ተቋሙ የቆመበትን ሕግ ይለዩ

በስሙ ላይ አውሮፓ የሚል ቃል ያለበት ተቋም ሁሉ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ይተዳደራል ብለው አይነሱ። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ የሚገኘው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ሰርን የተመሠረተው 12 መንግሥታት በ1953 በፈረሙትና በ1954 በጸናው ስምምነት ሲሆን፣ ከኅብረቱ መዋቅር ውጭ የሆነ ራሱን የቻለ የመንግሥታት ድርጅት ነው። አስተናጋጇ ስዊዘርላንድ የኅብረቱ አባል ሳትሆን የማዕከሉ መሥራች የሆነችው፣ እስራኤል በ2014 ሙሉ አባልነት ያገኘችው፣ ብሪታንያም በ2020 ከኅብረቱ ስትወጣ በማዕከሉ የነበራት ቦታ ያልተነካው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በአንድ አገር የንግድ ወይም የፍትሐ ብሔር ሕግ የተቋቋመና መንግሥታት በስምምነት የሚደግፉት ማኅበር ነው። በፈረንሳይ ግረኖብል ከተማ ያለው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን (ለምርምር የሚሆን ኃይለኛ የኤክስሬይ ጨረር የሚያመነጭ ተቋም) በፈረንሳይ ሕግ የተመዘገበ ማኅበር ሲሆን፣ መንግሥታቱ ስምምነቱን የፈረሙት በ1988 ነበር። በሃምቡርግ አቅራቢያ ያለው የኤክስሬይ ሌዘር ተቋም ኤክስፌል ደግሞ በጀርመን ሕግ የቆመ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው።

ሦስተኛው ኤሪክ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ነው። የኅብረቱ ምክር ቤት በ2009 ባወጣው ደንብ ቁጥር 723 መሠረት ቢያንስ ሦስት አገሮች ተስማምተው ለአውሮፓ ኮሚሽን ሲያመለክቱ ኮሚሽኑ በውሳኔ ሕጋዊ ሰውነት ይሰጣቸዋል። በዚህ መልክ የቆመ ተቋም በተወሰነ ገደብ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከኤክሳይስ ታክስ ነጻ ይሆናል፣ የራሱን የግዥ ደንብም ያወጣል። ለአገሮች የሚማርካቸው ይህ ነው፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ የሚያወጣ መሣሪያ ያለ ታክስ መግዛት ቀላል ቁጠባ አይደለምና። ሆኖም ኮሚሽኑ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠ ማለት በጀት መደበ ማለት አይደለም፤ መዋጮው የአባል አገሮች ነው።

በተግባር ሲጀምሩ በተቋሙ ድረ ገጽ ስለ አስተዳደር የሚናገረውን ክፍል ይክፈቱና መሥራች ሰነዱን ይፈልጉ። የመንግሥታት ስምምነት፣ የባለ አክሲዮኖች ዝርዝር ወይም የኮሚሽን ውሳኔ ያገኛሉ፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሲያውቁ ቀጣዮቹ ጥያቄዎች ግማሽ መንገድ ተጉዘዋል።

2ኛ እርምጃ፦ ዕቅድን ከበጀት ይለዩ

በ2002 የተቋቋመው ኤስፍሪ የተባለው የአውሮፓ የምርምር መሠረተ ልማት ስትራቴጂ መድረክ፣ አውሮፓ በጋራ ሊኖሯት ይገባል የሚላቸውን ተቋማት በፍኖተ ካርታ ይዘረዝራል። የመጀመሪያው በ2006 ሲወጣ 35 ፕሮጀክቶችን ይዞ ነበር። በዚህ ዝርዝር መግባት ብዙ ጊዜ ገንዘብ እንደማግኘት ተደርጎ ይዘገባል፤ ነገር ግን መድረኩ የሚያከፋፍለው ገንዘብ የለውም። ዝርዝሩ የሚሰጠው ክብደት ነው፦ የየአገሩ የሳይንስ ሚኒስቴር የገንዘብ ሚኒስቴሩን ሲጠይቅ የሚያስደግፍበት ሰነድ ይሆነዋል። በፕሮጀክትነት የሚቆዩበት ጊዜም በ10 ዓመት የተገደበ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተጨባጭ ደረጃ ላይ ያልደረሰ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ኅብረቱ በራሱ የሚያወጣውን ገንዘብ ለማየት ሆራይዘን አውሮፓ የተባለውን የ2021–2027 የምርምር ፕሮግራም ይመልከቱ። ከጠቅላላው 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ለምርምር መሠረተ ልማት የተያዘው ወደ 2.4 ቢሊዮን ነው። በስዊድን ሉንድ ከተማ የሚሠራው የአውሮፓ የኒውትሮን ተቋም ኢኤስኤስ ለግንባታ ብቻ በ2013 ዋጋ 1.843 ቢሊዮን ዩሮ ተገምቶለት እንደነበር ስናስብ፣ ኅብረቱ ለሰባት ዓመት ለመላው አውሮፓ የያዘው ከአንድ ተቋም ግንባታ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ይህ ገንዘብ በዋናነት የሚውለው ለዝግጅት ጥናት፣ ተቋማትን ለማስተሳሰርና ተመራማሪዎች በሌላ አገር ባለ መሣሪያ እንዲጠቀሙ ለመደገፍ ነው።

3ኛ እርምጃ፦ የግንባታውን ድርሻ ያንብቡ

የድርሻ ሠንጠረዡ ዘወትር በስምምነቱ ወይም በመተዳደሪያ ደንቡ አባሪ ላይ ይገኛል። መጀመሪያ የአስተናጋጁን አገር ድርሻ ይፈልጉ። ለኢኤስኤስ ስዊድን 35፣ ዴንማርክ 12.5 ከመቶ ለመክፈል ተስማምተዋል፤ በድምሩ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ዴንማርክ በዚህ ድርሻዋ የተቋሙን የመረጃ ማዕከል ወደ ኮፐንሃገን ወስዳለች። አስተናጋጅ ከፍ አድርጎ የሚከፍለው ደመወዙ፣ የቤት ኪራዩ፣ የአቅራቢዎቹ ሥራና የተማረው ሰው በአገሩ ስለሚቀር ነው።

ቀጥሎ ከድርሻው ምን ያህሉ በጥሬ ገንዘብ፣ ምን ያህሉ በዓይነት እንደሚከፈል ይለዩ። በኢኤስኤስ ግንባታ ከአንድ ሦስተኛ የሚበልጠው በዓይነት የመጣ ነው፤ የጣሊያን፣ የፈረንሳይ፣ የስፔንና የብሪታንያ ቤተ ሙከራዎች የቅንጣት ማፋጠኛ መሣሪያውን ክፍሎች ሠርተው አቅርበዋል። ለሚኒስትሩ ይህ የተመቸ ነው፤ ለአውሮፓ የጋራ ሥራ ከፈልኩ የሚለው ገንዘብ በአገሩ ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይውላልና። ለፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ግን ራስ ምታት ነው። አንዱ ላቦራቶሪ ሲዘገይ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል፤ ዕቃውም የሚመዘገበው አስቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ያስወጣው ወጪ በተቋሙ መዝገብ ላይ አይታይም።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የግንባታ ወጪ የሚጻፈው በአንድ መነሻ ዓመት ዋጋ ነው፤ የኢኤስኤስ በ2013፣ የኤክስፌል ደግሞ በ2005። ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የዋጋ ንረቱን መርሳት ነው።

4ኛ እርምጃ፦ የሥራ ማስኬጃውን ወጪ ይከታተሉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ግምት፣ አንድ ትልቅ ተቋም ለግንባታ ከወጣበት ገንዘብ ወደ 10 ከመቶ የሚጠጋውን በየዓመቱ ለሥራ ማስኬጃ ይፈልጋል የሚል ነው። በአሥር ዓመት ሌላ ተቋም የሚሠራ ገንዘብ መሆኑ ነው። እድርተኛ በአንድ ጊዜ መዋጮ ድንኳንና ድስት ሊገዛ ይችላል፤ ወርሃዊው መዋጮ ከተቋረጠ ግን ድንኳኑን የሚተክል አይገኝም።

ኢኤልአይ የተባለው የከፍተኛ ኃይል ሌዘር ተቋም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሕንጻዎቹ በቼክ ሪፐብሊክ፣ በሃንጋሪና በሮማንያ የተገነቡት በአብዛኛው ኅብረቱ ያላደጉ አካባቢዎችን ለመደገፍ በመደበው የክልል ልማት ፈንድ ነው። ይህ ፈንድ ሕንጻና መሣሪያ ይሸፍናል እንጂ የዓመት ደመወዝና የመብራት ሒሳብ አይከፍልም። ስለዚህ ግንባታው ሲጠናቀቅ መንግሥታቱ የማስኬጃውን ወጪ የሚካፈሉበት አዲስ ማኅበር ማቋቋም ነበረባቸው። ማኅበሩ በ2021 በኤሪክነት ሲመሠረት መሥራቾቹ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ሃንጋሪ፣ ጣሊያንና ሊትዌኒያ ሆኑ፤ ከሦስቱ አስተናጋጆች አንዷ የነበረችው ሮማንያ ከመሥራቾቹ መካከል አልነበረችም። በእኔ አስተያየት የማስኬጃው ወጪ ከመጀመሪያው ቁፋሮ በፊት ቢፈረም ኖሮ ይህ ሁሉ ድርድር ይቀል ነበር፤ ግን ለምረቃ ሪባን የሚገኘው ፖለቲካዊ ድጋፍ ለመብራት ሒሳብ አይገኝም።

የዓመቱ መዋጮ በምን ቀመር እንደሚሰላም ይጠይቁ። በሰርን የእያንዳንዱ አባል ድርሻ ከአገሩ የተጣራ ብሔራዊ ገቢ ጋር ተያይዞ ስለሚሰላ፣ ኢኮኖሚው ያደገ አገር ያለ አዲስ ድርድር መዋጮው ይጨምራል፤ ትልቋ ከፋይ ጀርመን ወደ 20 ከመቶ ትሸፍናለች። በግረኖብሉ ሲንክሮትሮን ግን ድርሻው የተቆረጠ ነው፦ ፈረንሳይ 27.5፣ ጀርመን 24፣ ጣሊያን 13.2 ከመቶ። የመጀመሪያው ቀመር ራሱን ያስተካክላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ለገንዘብ ሚኒስትሮች አስቀድሞ የታወቀ ነው። የመክፈያውን ገንዘብ ዓይነትም ልብ ይበሉ። የሰርን በጀት በስዊዝ ፍራንክ ነው፤ በ2015 መጀመሪያ የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ በፍራንክና በዩሮ መካከል አስቀምጦት የነበረውን ገደብ ሲያነሳ፣ በዩሮ የሚተዳደሩ አባላት ለተመሳሳይ መዋጮ ብዙ ዩሮ መክፈል ግድ ሆነባቸው።

የኃይል ዋጋ ሌላው ነው። ሰርን መሣሪያዎቹ በሙሉ በሚሠሩበት ዓመት 1.3 ቴራዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይጠቀማል። በ2022 የአውሮፓ የኃይል ገበያ ሲናጋ የዓመቱን መጨረሻ የጥገና ዕረፍት በሁለት ሳምንት አስቀድሞ ጀምሯል። የዓመታዊ ሪፖርቱን የወጪ ክፍል ሲያነብቡ የሠራተኛውን፣ የኃይሉንና የጥገናውን ለይተው ለተከታታይ አምስት ዓመት ይመዝግቡ፤ መዋጮው ከዋጋ ንረት ኋላ ሲቀር መጀመሪያ የሚቀነሰው ጥገናው ነው።

5ኛ እርምጃ፦ ከፋዩ ምን እንደሚያገኝ ይመልከቱ

ከፋይ አገር የሚያገኘው የመጀመሪያው ነገር መሣሪያው ላይ የመሥራት ጊዜ ነው። በ2016 የወጣው የአውሮፓ የተጠቃሚነት ቻርተር ሦስት መንገዶችን ይለያል፦ በሳይንሳዊ ጥራት ተወዳድሮ የሚገኝ፣ በክፍያ የሚገኝ፣ እና እንደ መረጃ ቋት ለሰፊው ተጠቃሚ የሚከፈት። በግረኖብል ተመራማሪዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ያቀርባሉ፤ ገለልተኛ ባለሙያዎች ገምግመው ይመርጣሉ። ውጤቱን ለሚያሳትም ተመራማሪ ጊዜው በነጻ ነው፣ ምስጢር አድርጎ ለሚይዝ ኩባንያ በክፍያ። ሆኖም የአገሮች ተጠቃሚነት ከመዋጯቸው ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሚመስል በየጊዜው ይታያል፤ ከድርሻው በጣም የበለጠ ጊዜ የወሰደ አገር ድርሻውን እንዲያሳድግ ግፊት ይደረግበታል። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በ2013 በ0.3 ከመቶ መዋጮ የግረኖብሉ ተቋም ተባባሪ ሆናለች። ኢትዮጵያ በሆራይዘን አውሮፓ ተቋሞቻቸው የኅብረቱን ድጋፍ መቀበል ከሚችሉ አገሮች መካከል ስለተመዘገበች፣ የአገር ውስጥ ተመራማሪ በዚህ ፕሮግራም የሚደገፉ የተጠቃሚነት ጥሪዎችን መከታተል ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው የሥራ ውል ነው። ሰርን ከመዋጮው አንጻር ውል ያነሰው አባል አገር ኩባንያ በጨረታ ከዝቅተኛው ዋጋ እስከ 20 ከመቶ ቢበልጥ፣ ዋጋውን አስተካክሎ ውሉን እንዲወስድ ዕድል የሚሰጥ ደንብ አለው።

6ኛ እርምጃ፦ የመውጫውንና የመዝጊያውን አንቀጽ ያንብቡ

አባልነት ዘላለማዊ አይደለም። ዩጎዝላቪያ በ1961 ከሰርን ወጥታ አልተመለሰችም፤ ስፔን በ1969 ወጥታ በ1983 ተመልሳለች። ኦስትሪያ በ2009 ልትወጣ መሆኑን አስታውቃ፣ ተቃውሞ ሲበረታ በዚያው ወር ገደማ ሐሳቧን ቀይራለች። ከሁሉ የከበደው የሩሲያ ጉዳይ ነው። ኤክስፌል ሲገነባ ጀርመን 58፣ ሩሲያ ደግሞ 27 ከመቶ ያህሉን ሸፍነዋል። ከ2022ቱ የዩክሬን ወረራ በኋላ ጀርመን ከሩሲያ ጋር የነበራትን የሳይንስ ትብብር ስታቆም ሁለተኛው ትልቅ ባለድርሻ ጥያቄ ውስጥ ገባ። ባለ አክሲዮንን በአንድ ስብሰባ ማሰናበት አይቻልም፤ ሰርን ግን የትብብር ስምምነቱን ባለማደስ ብቻ በኅዳር 2024 መጨረሻ ከሩሲያ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋርጧል። በ1ኛው እርምጃ የለዩት የሕግ ዓይነት ፍሬው የሚታየው እዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ አባል ለመውጣት ስንት ዓመት አስቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበት፣ ሲወጣ የከፈለው ይመለስለት እንደሆነና ቀሪ ዕዳ ይኖርበት እንደሆነ ይመልከቱ። ተቋሙ ኒውትሮን የሚያመነጭ ከሆነ ደግሞ የመዝጊያውን አንቀጽ አይዝለሉ፤ በጨረር የተበከለን ሕንጻ ማፍረስ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይወስዳል፣ ያኔ አባል የሚሆኑት አገሮችም ዛሬ የፈረሙት ላይሆኑ ይችላሉ። አንቀጹ ግልጽ ካልሆነ፣ በተቋሙ ምክር ቤት የየአገሩን ተወካዮች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ፈልገው ለሚመለከተው ሚኒስቴር በጽሑፍ ይጠይቁ።