እባቡ የመለሰው አይጥ መሀሉ በረዶ ነበር

ቦል ፓይተኑ (ቤት ውስጥ የሚረባ የዘንዶ ዓይነት) የዋጠውን አይጥ በማግስቱ መልሶ ተፋው። ጥፋቱ የአሟሟቁ ነው፦ ለምግቡ በረዶ ሆኖ የተቀመጠው አይጥ ከፍሪዘር ወጥቶ በቀጥታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቆዳው ይለሰልሳል፣ ሆዱ ግን በረዶ እንደሆነ ይቀራል።

አሁን አይጡ በላስቲክ ታሽጎ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያድራል፤ ፈሳሹ የቤቱ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ ከሥሩ ሳህን አለ። ሆዱን በጣት ጫን ሲሉት ውስጡ ጠጠር የመሰለ ነገር ከተሰማ ገና ነው። ሲለሰልስ ከነላስቲኩ 45 ዲግሪ ገደማ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይቀየራል። ቆዳው 38 ዲግሪ ሲደርስ በረጅም ወረንጦ ይቀርባል። ቦል ፓይተን አደኑን በሙቀት ስለሚለይ የቀዘቀዘውን ዞር ብሎም ላያየው ይችላል።

ማይክሮዌቭ አይታሰብም፤ ሆዱ ይፈነዳል፣ ለማጽዳትም አበሳ ነው። ያልተበላውን መልሶ ማቀዝቀዝም ክልክል፤ ይጣል። በረዶ ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ስለማይገድል እጅና ሳህን በሳሙና፣ ጠረጴዛው በበረኪና ይታጠባል።

ከመለሰ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አይመገብም። ቀጥሎ የሚሰጠው አይጥ የቀድሞውን ግማሽ የሚያክል ይሁን፤ ከዋጠ በኋላም ለ48 ሰዓት አይነካ።