የነቀዝ ኪኒን ሰው የሚተኛበት ቤት አይገባም

አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲባል ብዙ ሰው ላያውቀው ይችላል። ፎስቶክሲን ወይም ሴልፎስ ስትሉት ግን ወዲያው ይገባዋል። እህል ከነቀዝ ለማዳን የምትጨመረው ያቺ ግራጫ ኪኒን ናት። ትንሽ ስለሆነች ትናቃለች። ጆንያ ውስጥ ጣል ይደረግና ጆንያው መኝታ ቤት ጥግ ይቆማል። ሰው እንዲህ ባለ ነገርም ይሞታል።

ነቀዙን የምትገድለው ኪኒኗ ራሷ አይደለችም። የአየር እርጥበት ሲያገኛት ፎስፊን የሚባል ጋዝ ትለቃለች፤ ባለ 3 ግራሟ 1 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣታል። ጋዙ ነቀዝና ሰው አይለይም። ከአየር ትንሽ ይከብዳል፣ በግድግዳ ስንጥቅም በበር ሥርም ያልፋል። ስለዚህ «እህሉ ያለው በሌላኛው ክፍል ነው» ብሎ መተኛት ራስን ማታለል ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ዩታ ግዛት ኪኒኑ ጭራሽ የተጨመረው ከቤት ውጭ፣ ግቢ ውስጥ አይጥ መሰል እንስሳትን ለማጥፋት ነበር፤ ጋዙ ግን ቤት ገብቶ ሁለት ሕፃናት እህትማማቾችን ገደለ።

የጋዙን ሽታም አትመኑ። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ዓይነት ሽታ አለው ይባላል። ግን ሽታው የሚመጣው ከጋዙ ጋር ከተቀላቀሉ ነገሮች ነው፤ ንጹሕ ፎስፊን አይሸትም። እነዚያን ነገሮች እህሉ መጥጦ ሲያስቀራቸው ሽታው ይጠፋና ጋዙ ይቀራል። በአሜሪካ ሕግ ለሠራተኛ በስምንት ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው መጠን ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 0.3 እጅ ብቻ ነው፣ 50 ከደረሰ ሕይወትን ወዲያው አደጋ ላይ ይጥላል። ይህን በአፍንጫ መለካት አይቻልም፤ የጋዝ መለኪያ ያስፈልጋል። የጨርቅ ማስክና የአቧራ ማስክ ደግሞ ምንም አያደርጉም፤ ለፎስፊን የተሠራ ማጣሪያ ያለው፣ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ጭንብል ነው የሚያስፈልገው።

እህል በዚህ ጋዝ የሚታጠነው ሰውም ከብትም በማያድርበት፣ ከመኖሪያ በራቀ መጋዘን ነው። ብዙ ቦታ ይህን መሥራት የሚፈቀደው ሠልጥኖ ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ነው፣ እኔም ትክክል ይመስለኛል። ብቻ መሥራት የለም፤ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የኪኒኑ ቆርቆሮ የሚከፈተው ውጭ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ፣ ከፊት ዘወር ተደርጎ ነው፤ ውስጡ የተጠራቀመ ጋዝ ሲከፈት እሳት ሊፈነጥቅ ይችላልና። ጓንቱ ደረቅ የጥጥ ይሁን፤ ላብ የያዘ እጅ ለኪኒኗ ውኃ ማለት ነው። መጠኑን ከመለያው ላይ አንብቡ። «ትንሽ ልጨምርበት» የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም። ከዚያ በሸራ በደንብ ሸፍኑ፣ ዳር ዳሩን በአሸዋ ከረጢት ተጫኑት፣ በሩን ቆልፉና የአደጋ ምልክት ለጥፉ። ስልካችሁን ይዛችሁ አትግቡ፣ ጋዙ መዳብ ይበላል። ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቅዝቃዜ ከሆነ ጭራሽ አትጀምሩ። ሞቃት ቦታም ቢሆን መለያው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ የከፈተ ሰው ትልልቁን ነቀዝ ገድሎ እንቁላሉን ያስቀራል፤ ያ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ተፈልፍሎ ይመጣል።

ሲያልቅ በሩና መስኮቱ ተከፍቶ መጋዘኑ ይናፈሳል፣ እህሉም ለምግብ ከመዋሉ በፊት ቢያንስ 48 ሰዓት አየር ያግኝ። ከኪኒኗ የቀረው ግራጫ ዱቄት ውስጥ ያልለቀቀ መርዝ ሊኖር ይችላል። አትከምሩት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ወይም በላስቲክ አትቋጥሩት፤ ጋዙ ተጠራቅሞ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ሽንት ቤትም ሆነ ውኃ መውረጃ ውስጥ አይደፋም። አወጋገዱ መለያው ላይ አለ።

ውኃን ነገር ደግሜ ልናገር። ብዙ ሰው መርዝ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው በውኃ ማጠብ ነው፣ ለዚህኛው ግን የባሰ ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ቴክሳስ፣ አማሪሎ ከተማ፣ ከቤት ሥር የተረጨ አሉሚኒየም ፎስፋይድ በውኃ ሊታጠብ ተሞከረና ጋዙ በአንዴ ወጥቶ የአንድ ቤት አራት ልጆች ሞቱ። ስለዚህ ዱቄቱ ልብስ ወይም ቆዳ ላይ ካረፈ መጀመሪያ ውጭ ወጥታችሁ በደረቁ አራግፉት፣ ከዚያ ነው መታጠብ። እሳት ቢነሳም በደረቅ አሸዋ እንጂ በውኃ አይጠፋም።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ሳል፣ ደረት መጨምደድና ድካም ነው። ከምግብ መመረዝ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንዴ ከታመመና ኪኒን የገባበት እህል በአቅራቢያ ካለ፣ ወጡን ከመጠርጠር በፊት ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ። ጋዝ የሞላበት ክፍል ውስጥ የወደቀ ሰው ካለ ግን ዘላችሁ አትግቡ፣ ማጣሪያ ያለው ጭንብልም እዚህ አይበቃም፣ የራሱን አየር የያዘ መተንፈሻ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ለማዳን ገብተው የቀሩ ብዙ ናቸው። የአደጋ ጊዜ ሠራተኞችን ጥሩ። ኪኒኑን የዋጠ ሰው ካለ አፍ ለአፍ ትንፋሽ አትስጡት፣ አስገድዳችሁ አታስታውኩት፤ ትውከቱም ጋዝ ይለቃልና በመኪና ስትወስዱት መስኮት ክፈቱ። ማርከሻ የለውም፣ ሐኪም የሚችለው ልብና ሳንባውን መደገፍ ነው። ቆርቆሮውን ወይም ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ። «አሁን ተሻለኝ» ቢልም ሐኪም ሳይፈቅድለት አይመለስ፤ ሳንባ ውስጥ ውኃ የሚቋጥረው ዘግይቶ፣ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል።

በወረቀት ተጠቅልላ በፍሬ የምትሸጥ ኪኒን አትግዙ። መለያ የላትም፣ እርጥበት ነክቷት እንደሆነም አታውቁም። የተረፈውን ቤት ከማስቀመጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃውን መግዛት ይሻላል። የግድ ከተቀመጠ በራሱ ቆርቆሮ፣ ደረቅ ቦታ፣ ከመኖሪያ ውጭ፣ ቁልፍ ተደርጎበት ይሁን፤ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ማንም በቀላሉ እንዳያገኘው።

ያላችሁ ጥቂት ኩንታል ከሆነ ደግሞ ይሄን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? ፒክስ የሚባለው አየር የማያስገባ ከረጢት አለ። ሁለት የላስቲክና አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ዓይነት ሽፋን አለው። ጥብቅ አድርጋችሁ ስታስሩት ነቀዙ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ይሞታል፣ ምንም መርዝ የለበትም። እህሉ ግን በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ከገባ ይሻግታል። ከረጢቱም ከተበሳ አየር ያስገባል፣ ስለዚህ ሻካራ ወለል ላይ አትጎትቱት።