ለፈተና ማደር፣ የማታ ቡና፣ የዲዩቲ ማግስት፦ የሕክምና ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የእንቅልፍ ስህተቶች

ሕክምና የገባ ተማሪ ሰዓት ሲያጥረው የሚበደረው ከሌሊቱ ነው። መጀመሪያ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ይከመሩበታል፤ ዋርድ (የሆስፒታል የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ሲጀምር ደግሞ ጠዋት ራውንድ (በሽተኞችን እየዞሩ ማየት)፣ ከሰዓት ሴሚናር፣ ማታ ዲዩቲ (የተረኝነት ሥራ) ይደራረብበታል። ጭንቀቱ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ያልተኛ አእምሮ ደግሞ ትንሹን ነገር ያገዝፋል፣ በነጋታው ጭንቀቱ ይብሳል። የሚያሳዝነው፣ ይህን አዙሪት የሚያባብሱት አብዛኞቹ ነገሮች መፍትሔ ይሆናሉ ተብለው የሚደረጉ መሆናቸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ለፈተና ማደር

ቀን የተነበበው ነገር ለጊዜው የሚያርፈው ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ላይ ነው፤ ስር የሚሰደው ስንተኛ ነው። በሌሊቱ መጀመሪያ ከባዱ እንቅልፍ ይበዛል፣ ወደ ንጋት ደግሞ ሕልም የሚበዛበት። ሁለቱም ለትውስታ ይሠራሉ። ሳይተኛ ያደረ ተማሪ ይህን ሥራ ሙሉ በሙሉ ይዘልለዋል። ብራኪያል ፕሌክሰስን (የክንድ ነርቮች የሚወጡበትን መረብ) ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለአምስተኛ ጊዜ ስሎ ፈተና ሲቀመጥ የአክሲላሪ ነርቭ ስም ይመጣለታል፤ ከፖስቴሪየር ኮርድ ይሁን ከላተራል የሚወጣው ግን ይጠፋዋል። ምርጫ ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለውም ይኸው ነው፦ አራቱም መልስ የሚታወቅ ይመስላል።

ማታ 5 ሰዓት ላይ ዘግታችሁ ሌሊት 11 ሰዓት ብትነሱ 6 ሰዓት ተኝታችኋል፤ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስም ለክለሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ይተርፋችኋል። በዚያች ጊዜ አዲስ ምዕራፍ አትክፈቱ፤ ማስታወሻውን ዘግታችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በጣም ከጠበባችሁም ጨርሶ ካለመተኛት 4 ሰዓት ተኩል መተኛት ይሻላል። ይህ ሁሉ ግን የአንድ ሌሊት ማቻቻያ ነው። አዋቂ ሰው በየቀኑ ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት፣ የሕክምና ተማሪም ከዚህ አያመልጥም።

ቡናውን በሰዓት አለማስላት

ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖዚን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ድካም እንዲሰማን ያደርጋል። ካፌይን የአዴኖዚንን መቀመጫ ይይዝበታል እንጂ ድካሙን አያጠፋውም። ከሰው ሰው ቢለያይም፣ የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እንግዲህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሩቡ አለ ማለት ነው። «እኔ ቡና ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚል ሰው እውነቱን ነው፣ ይተኛል። ከባዱ እንቅልፍ ግን ይሳሳበታል፤ ሳይጠግብ ይነሳና ጠዋት አንድ ስኒ ይጨምራል።

የመጨረሻው ስኒ ከመኝታ 8 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ማታ 5 ሰዓት ለሚተኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቡና ከተፈላ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ጨዋታው ራሱ ጭንቀት ያቀላል፤ ስኒውን ብቻ እለፉት። ሻይ፣ ኮካና ኢነርጂ መጠጥም ከሂሳቡ ይገባሉ።

በጫት አንብቦ በጨብሲ መተኛት

በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ምርቃናው ላይ ገጹ ይገለበጣል፣ ሁሉም የገባ ይመስላል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋና ራት ይታለፋል። ሲወርድ ድብርቱ ይመጣል፣ ዓይን ግን አይከደንም። ያንን ለመስበር የሚጠጣው ቢራ ወይም አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቆራርጠዋል። ለማቆም የወሰነ ሰው የፈተናን ሳምንት አይምረጥ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መፍዘዝ፣ ድብርትና ቅዠት ሊኖራቸው ስለሚችል የእረፍት መጀመሪያ ይሻላል።

አልጋን ቤተ መጻሕፍት ማድረግ

ዶርም ጠባብ ስለሆነ አልጋ ላይ ይነበባል፣ ይበላል፣ ስልክ ይታያል። አንጎል አልጋን ከንባብና ከስጋት ጋር ያያይዘውና መብራት ሲጠፋ ይነቃል። ንባቡን ላይብረሪ ወይም ባዶ ክፍል ጨርሱ። 20 ደቂቃ ያህል ተኝታችሁ እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሱ፤ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ላይ ተቀምጣችሁ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሱ። ሐሳብ ለሚያባንነው ደግሞ ከመኝታ በፊት 5 ደቂቃ ወስዶ የነገውን ሥራ ወረቀት ላይ መዘርዘር ይጠቅመዋል።

ዲዩቲ ላይ እንቅልፍን ማባከን

ጠዋት 1 ሰዓት የተነሳ ኢንተርን (የተግባር ልምምድ ላይ ያለ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ) ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ነቅቷል። በዚያን ጊዜ የንቃቱ መጠን በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 ይጠጋል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ደግሞ የሰውነት ሙቀት የሚወርድበት፣ እጅ የሚከብድበት ጊዜ ነው። 6 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም ሲሰላ 90 ሚሊግራም ነው፤ አንድ ዜሮ ከተጨመረች 900 ይሆናል። በእነዚህ ሰዓቶች የምታሰሉትን መጠን ነርሷ ወይም ሌላው ተረኛ ለብቻው ያስላው፣ ከዚያ አመሳክሩት። አፍሮ አለመጠየቅ በሽተኛውን ይጎዳል።

ዋርዱ ጋብ ሲል እንቅልፉን በልክ ተኙ፦ ወይ 20 ደቂቃ፣ ወይ 90 ደቂቃ ገደማ። 45 ደቂቃ ላይ የተቀሰቀሰ ሰው ከከባዱ እንቅልፍ መሃል ሊነሳ ስለሚችል ለሩብ ሰዓት ያህል ይደነዝዛል፤ ደንግጦ ተነስቶ ወዲያው ማዘዣ መጻፍ የለበትም። ማግስቱን ደግሞ ቀኑን ሙሉ አትተኙ። 2 ወይም 3 ሰዓት ተኝታችሁ ተነሱ፣ ፀሐይ ላይ ውጡ፣ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ አልጋ ግቡ። ቀን 10 ሰዓት ድረስ የተኛ ሰው ሌሊቱን ጣሪያ ሲያይ ያድርና በማግስቱ ራውንድ ላይ ቆሞ ያንቀላፋል። እሑድ እስከ እኩለ ቀን የሚተኛም ሰኞ ያው ነው። የመነሻ ሰዓታችሁን ከአንድ ሰዓት በላይ አታዛንፉ።

ራስን በራስ ማከም

መድኃኒት በቅርብ መገኘቱ ፈተና ነው። ዲያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ ኪኒን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ድንዛዜው ወደ ቀኑ ይሻገራል፣ በሳምንታት ውስጥም ሰውነት ይለምደውና ያለ እሱ መተኛት ያስቸግራል። እንቅልፍ የሚያመጣው የአለርጂ መድኃኒት ፕሮሜታዚንም ጠዋት ያፈዛል። ከጓደኛ የተቀበሉት ኪኒን ሐኪም አላዘዘውም።

በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ሲያጡ 3 ወር ከሞላ ሥር የሰደደ የእንቅልፍ ማጣት ነው፣ ያለ ኪኒን የሚታከምበት መንገድም አለው። ከዚያ በፊትም ቢሆን የሚወዱት ነገር ካስጠላ፣ ያለ ምክንያት ካስለቀሰ፣ በሽተኛው ላይ ልብ ከደነደነ ሳይካትሪ መሄድ ይገባል። መምህሮቼ ያውቁብኛል ብሎ የሚፈራ ሌላ ሆስፒታል ይሂድ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን የዚያኑ ዕለት ለአንድ የምታምኑት ሰው ንገሩ፣ እሱም አብሯችሁ ድንገተኛ ክፍል ይምጣ፤ ያን ሌሊት ብቻችሁን አትደሩ።